ከወንበሩ ወረድኩ

ሪያድ፣ ፉጣ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከድር የሚባል የወሎ ሰው የካርጎ ሱቅ አለው። ወደ አገር ቤት የሚላክ ዕቃ ይመዝናል፣ በላስቲክ ይጠቀልላል፣ ስም ይጽፍበታል። በሩ ላይ ያለው ሚዛን ሰፊና ዝቅ ያለ ነው። ብርድ ልብስ፣ ቴሌቪዥን፣ የሩዝ ጆንያ ይወጣበታል። ላለፉት ዓመታት እኔም ወጥቼበታለሁ። በምሠራበት ቤት የሰው ሚዛን አልነበረም፤ የከድር ሚዛን ደግሞ ለማንም አያዳላም።

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻዎቹን ሻንጣዎቼን ይዤ ሄድኩ። ኸሩጄ፣ ማለትም የመጨረሻ መውጫ ቪዛዬ፣ ተመትቷል። ከድር ሻንጣዎቹን መዝኖ ካወረደ በኋላ፣

“እናቴ፣ አንድ ዕቃ ቀርቷል” አለኝ።

“የለም፣ ይኸው ነው።”

“አለ እንጂ። ይውጡ።”

ወጣሁ። ቁጥሩን አየና ወረፋ ለያዙት ሁሉ በሚሰማ ድምፅ፣ “ኸላስ! እኚህን ሴትዮ ከአሁን በኋላ በእጅ ሻንጣ ማሳለፍ ይቻላል!” አለ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም። ከድር ያውቀዋል፣ እግዚአብሔርም ያውቀዋል፤ ይበቃል።

ይህን የምጽፈው ልጄ መሠረት ስለጠየቀችኝ ነው። በስልክ ስታየኝ ትደነግጣለች። “እማዬ፣ እዚህ ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ። ከዓረብ አገር ወፍሮ ያልመጣ ሰው ተርቦ ኖረ ነው የሚባለው። ጻፊልኝና ላንብብላቸው” አለችኝ። እውነቷን ነው። እኛ ሰፈር ከስታ የተመለሰች ሴት ይለቀስላታል። እኔ ግን አልተራብኩም፣ አልታመምኩም። የሥራ ዘመኔ ያለቀው በምስጋና ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጻፍ።

ማማ ሙኒራ ቤት የገባሁት መሠረት ገና ፊደል ስትቆጥር ነው። ባለቤቴ ሥራ ፈትቶ ነበር። እናቴ ልጄን ተቀበለችኝ፣ እኔ መጣሁ። ቤቱ ነሲም የሚባል ሰፈር ነው፤ እስከ ዛሬም ከዚያ ቤት አልወጣሁም። ማማ ሙኒራ የቤቱ እመቤት ናቸው፤ ያን ጊዜ ገና ጠንካራ ሴት ነበሩ። ልጆቻቸው ብዙ፣ እንግዳቸው ከልጆቻቸው የበዛ። የመጣሁት ለጽዳት ነበር። ወጥ ቤቱን የያዙት የደሴዋ እማማ ዘሃራ ናቸው።

እማማ ዘሃራ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ነበሩ። ረዳታቸው አገሯ ስትገባ ወደ እሳቸው ተላክሁ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣

“ምን ትችያለሽ?” አሉኝ።

“ሁሉንም እችላለሁ።”

“እንግዲያው ገና ምንም አልያዝሽም። በሽንኩርት ጀምሪ።”

ሽንኩርት ብቻ ስንት ጊዜ እንዳስጠበሱኝ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት። ለከብሳ፣ ለሥጋ ሩዛቸው፣ የሚሆነው ሽንኩርት የበሰለ ተምር መምሰል አለበት። ከዚያ ከቀላ ሩዙ ይገረጣል፣ ከዚያ ከጠቆረ ይመራል። የደረቀውን ጥቁር ሎሚ በሹካ ጫፍ ወጋ ማድረግ ነው እንጂ መሰንጠቅ አይገባም፤ ከተሰነጠቀ ፍሬው ይወጣና ድስቱን ሁሉ ያመርረዋል። ሩዙ ተዘፍዝፎ በጥፍር ሲጫኑት ያለ ድምፅ ለሁለት ካልተከፈለ ወደ እሳት አይሄድም። ከከደኑት በኋላ ደግሞ ክዳን አይነሣም። ይደመጣል። መጀመሪያ ይንተከተካል፣ ቀጥሎ ያጉረመርማል፣ ውሃው ሲያልቅ እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። ያን ጊዜ እሳቱ ይቀነሳል። እማማ ዘሃራ ጆሯቸውን ወደ ድስቱ ዘንበል አድርገው ዓይናቸውን ሲጨፍኑ የሚጸልዩ ይመስሉ ነበር።

ሁለት ልማዳቸው እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

አንደኛው የጨው ማንኪያ ነው። አጭር፣ ከወይራ የተሠራች የእንጨት ማንኪያ ነበረቻቸው። ምንም አይማሰልባትም። ጨው የሚገባው በመዳፍ ተለክቶ ነው፤ ከገባ በኋላ ያቺ ማንኪያ በድስቱ ክዳን ላይ በአግድም ትቀመጣለች። ማንኪያዋ ካለች ጨው ገብቷል፣ ከሌለች አልገባም። ይህን ያደረጉት ያለ ምክንያት አይደለም። በሁዳዴ እኔ ሥጋና እርጎ አልቀምስም፤ እሳቸው ይቀምሱልኛል። በረመዳን እሳቸው ይጾማሉ፣ እኔ እቀምስላቸዋለሁ። ጾማችን የተገናኘ እንደሆነ ደግሞ ከቤቱ ሕፃናት አንዱን ጠርተን እናስቀምሳለን። ምላስ በሚያጥርበት ወጥ ቤት ምልክት ያስፈልጋል።

ሥጋው የሙስሊም ዕርድ ነውና እኔ መጀመሪያ ከጾም ውጭም መቅመስ ከብዶኝ ነበር። የንስሐ አባቴን በስልክ ጠየቅሁ። “መቅመስ ሥራሽ ከሆነ ቅመሺ፤ በጾም ግን ምላስሽን ጠብቂ” አሉኝ። በዚያው ኖርኩ።

ሁለተኛው ልማዳቸው አበላላቸው ነው። ሲቀምሱ አንድ ጠብታ በእጃቸው ጀርባ ላይ አድርገው ነው፣ አንዴ ብቻ። ሥራው ሁሉ ሲያልቅ ዝቅ ያለች ዱካ ላይ ይቀመጣሉ። ድርሻቸውን በሳህን ያወጣሉ። ቢስሚላህ ብለው ይበላሉ። ሳህኑን ያጥባሉ። አለቀ። እኔ በድስቱና በድስቱ መካከል እየቆምኩ ስጎርስ ሲያዩኝ፣ “አስካለ፣ ቅምሻ ምሳ አይደለም። ቆሞ የበላ የበላውን አያውቅም” ይሉኝ ነበር። እኔ ወጣት ነበርኩ። እሳቸው ቀጭን ሆነው የተፈጠሩ ናቸው ብዬ አለፍኩት።

አርጅተው ወደ ደሴ ሲመለሱ የጨው ማንኪያዋን በእጄ አስያዙኝ። “አታማስዪባት” አሉኝ።

ወጥ ቤቱ የእኔ ሆነ። ስለ መኖሪያ ፈቃዴ፣ ስለ ኢቃማና ስለ ደመወዝ ብዙ የምለው የለኝም። ደመወዜ ዘግይቶ ያውቃል፣ ቀርቶ ግን አያውቅም። ስለ ሥራው ግን ልኩራ። የማማ ሙኒራ ትልቋ ልጅ ኑራ ስትዳር የሴቶቹን ምሳ ያበሰልኩት እኔ ነኝ። ከኑራ በኋላ ለተዳሩት እህቶቿም እንዲሁ። እንግዶች ከበሉ በኋላ ወጥ ቤት ድረስ እየመጡ፣ “ይህን ጀሪሽ ማን ሠራው?” ይሉ ነበር። ጀሪሽ ከተከካ ስንዴና ከእርጎ የሚሠራ ነው፤ ትዕግሥት የሌለው ሰው አይሠራውም። የማማ ሙኒራ እህት ለዒድ በመጣች ቁጥር “አስካለን አውሱኝ” ትል ነበር። ማማ ሙኒራም፣ “ወርቄን ውሰጂ፣ አስካላን ተይልኝ” ይሏታል። ስሜን የሚጠሩት እንደዚያ ነው፤ አስካላ።

ክብደቱ የመጣው በዚያው በክብሬ ዘመን ነው። በማንኪያ እቀምሳለሁ፤ ደግሜ እቀምሳለሁ። ሳንቡሳ ሲጠበስ የተቀደደው ለእኔ ነው። ልጆቹ የተዉት ሩዝ፣ የነከሱት ዳቦ፣ ሁሉም ወደ አፌ ነው። ምግብ መጣል በእኛም ዘንድ ነውር ነው፣ በእነሱም ዘንድ ኒዕማ ነው፣ የፈጣሪ ስጦታ፤ አይጣልም። እኔ ደግሞ የማይጣለውን ሁሉ ማስቀመጫ ሆንኩ። ባለቤቴ የሞተ ጊዜ አገር መግባት አልቻልኩም። ቤቱ እንግዳ ነበረበት። ለቅሶዬ እንዳይሰማ ዳቦ ጎረስኩ። እናቴ ስትሞትም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ሳላለቅስም ጎረስኩ።

የሽርጤ ማሰሪያ መጀመሪያ ዞሮ መጥቶ ፊቴ ላይ ይታሰር ነበር። ቆይቶ ጀርባዬ ላይ ታሰረ። በመጨረሻ በመርፌ ቁልፍ ተያዘ።

በሪያድ የስቅለትን ስግደት የምሰግደው በክፍሌ ነው። ወደ ምሥራቅ ዞሬ፣ ነጠላዬን አደግድጌ፣ የአገር ቤቱን ጸሎት በስልክ እየሰማሁ። ምንም ቢጎድልብኝ ይህ ቀን ጎድሎብኝ አያውቅም ነበር። አንድ ዓመት ግን ወደ መሬት ወርጄ መነሣት አቃተኝ። ጉልበቴ እምቢ አለ። በግንባሬ እንደተደፋሁ አልጋውን በእጄ ፈልጌ፣ ተጎትቼ ተነሣሁ። በሚቀጥለው ዓመት ከግቢው ነጭ የፕላስቲክ ወንበር አምጥቼ፣ ተቀምጬ አንገቴን ብቻ ዘንበል እያደረግኩ ሰገድኩ። ማማ ሙኒራም በዚያው ሰሞን ሶላታቸውን በወንበር ላይ ጀምረዋል። የእኔና የእሳቸው ወንበር ከአንድ ሱቅ የተገዛ ነው።

የንስሐ አባቴ፣ “የታመመ ሰው ተቀምጦ ይሰግዳል፤ እግዚአብሔር ይቀበላል” አሉኝ። እንደሚቀበል አውቃለሁ። እኔ ነኝ መቀበል ያቃተኝ። ወደ አገሬ ከመግባቴ በፊት ከዚያ ወንበር ወርጄ ግንባሬን መሬት ማስነካት፣ ተመልሼም መነሣት ፈለግሁ። ከዚህ ሌላ የለመንኩት አልነበረም።

ኑራ ሹመይሲ አካባቢ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሐኪሟ ሱዳናዊት ናት፣ ቀልደኛ። ጉልበቴን አይታ፣ የራጅ ፎቶውን አይታ፣

“ምን ትበያለሽ?” አለችኝ።

“ምንም አልበላም።”

“ማሻአላህ! ታዲያ ይህ ሁሉ ከአየር ነው የመጣው?”

ኑራ ሳቀች። እኔ ግን እውነቴን ነበር። ለመብላት ብዬ የምቀመጥበት ጊዜ አልነበረኝም። ሐኪሟ ሥራዬን ስነግራት ሳቋን ተወች። “ነገ የምትቀምሺውን ሁሉ፣ የምታነሺውን ሁሉ፣ ልክ ያንኑ ያህል በትሪ ላይ አስቀምጪ። አትብዪው፣ አስቀምጪው። ማታ እዪው። ከዚያ ወዲህ ተቀምጠሽ፣ በልክ፣ በሳህን ብዪ” አለችኝ። ቀጥላም ከዚህ ሁሉ ምን እንደምፈልግ ጠየቀችኝ።

“መስገድ” አልኳት።

“መሬት ድረስ?”

“መሬት ድረስ።”

“እንግዲያው ቢላዋ ከማንሳታችን በፊት ክብደትሽን እናውርድ። ከወረደ ምናልባት ቢላዋውም ላያስፈልግ ይችላል።”

በማግስቱ ያለችኝን አደረግሁ። ሲመሽ ማማ ሙኒራ ወደ ወጥ ቤት ብቅ አሉና ትሪውን አዩ። ሩዝ፣ የሳንቡሳ ቁራጭ፣ የሥጋ ጫፍ፣ የልጅ ልጆቻቸው የነከሱት ዳቦ፣ ተምር፣ ጣፋጭ።

“እንግዳ አለብን እንዴ?”

“የለብንም ማማ። ይህ እኔ ‘ያልበላሁት’ ነው።”

ትሪውን ዞር ዞር ብለው አዩት። “ከነባልሽ ይበቃሽ ነበር” አሉ። ከዚያ ባሌ መሞቱ ትዝ አላቸውና፣ “አላህ ይማረው” ብለው ወጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእማማ ዘሃራን ዱካ ከዕቃ ቤት አወጣሁ። አንድ ጠብታ፣ በእጅ ጀርባ፣ አንዴ። ሥራ ሲያልቅ ተቀምጬ፣ በሳህን። ትርፉን ደግሞ ሳይቀዘቅዝ በንጹሕ ዕቃ አድርጌ መንገድ ለሚጠርጉት ሰዎች በበር መስጠት ጀመርኩ። ኒዕማው አልተጣለም። በእኔ ላይ ግን መከመሩ ቀረ። የከድር ሚዛን ላይ ስወጣ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። “እናቴ፣ ከእርስዎ ላይ ምን ወደ አገር እየላኩ ነው?” ይለኝ ነበር።

በመልካም ጀምሬ ያበላሸሁት በሁዳዴ ነው።

በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ቀን ገቡ። እኔ እግዚአብሔር ያዘጋጀልኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። ቤተሰቡ ቀን አይበላም፣ እኔም አልበላም። ፀሐይ ስትገባ እነሱ ሲያፈጥሩ እኔ ተምርና ውሃ ቀምሼ እተዋለሁ። ሐኪሟ በሳህን ብዪ ያለችኝን ሳህን ረሳሁት። በስቅለት ከወንበሩ እወርዳለሁ ብዬ ነበር። ጾሙን ለሚዛን አዋልኩት። ሽርጤ ሲሰፋ አያለሁ፣ እኮራለሁ። እጄ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ የጾም ነው እላለሁ።

ያን ጊዜ የማማ ሙኒራ የመጨረሻ ልጅ ሪም ታጭታ ነበር። የወንዱ ቤተሰብ ለኢፍጣር ተጠራ። ማማ ሙኒራ፣ “ጀሪሽ ይሁን። የአስካላ ጀሪሽ” አሉ። ከቀትር ጀምሬ ቆምኩ። ቀማሽ አልነበረም። እኔ ጾመኛ፣ ቤቱ ሁሉ ጾመኛ፣ ድሮ የምናስቀምሳቸው ሕፃናት አድገው ራሳቸው ይጾማሉ። ማንኪያዋ ነበረች።

ጨው አስገባሁ። ማንኪያዋን ክዳኑ ላይ አደረግሁ። ጀሪሽ ደግሞ ያለ ማቋረጥ ይማሰላል፤ ከቆመ ይይዛል። ክዳኑን ሳነሳ ዓይኔ ጨለመ። ትልቁ ማማሰያ ከእጄ ወደቀ። ስንዴው ሊይዝብኝ ሲል በእጄ የገባውን አነሣሁና አማሰልኩ። የጨው ማንኪያዋን ነበር። ጨርሼ ከማማሰያው ጋር መታጠቢያው ውስጥ ጣልኳት። ትንሽ ተቀምጬ ስነሣ ክዳኑን አየሁ። ማንኪያ የለም። በመዳፌ ለክቼ ጨው አስገባሁ።

አዛን ተባለ። ተበላ። እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርኩ። የሙሽራው እናት አንድ ጎረሱ፣ ማንኪያቸውን በቀስታ አስቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉ። ስንዴው ድስቱን ሞልቶ እንደ ሄደ ሞልቶ ተመለሰ። ሪም እያለቀሰች ወደ ክፍሏ ገባች።

በማግስቱ ማማ ሙኒራ ወጥ ቤት መጥተው በእማማ ዘሃራ ዱካ ላይ ተቀመጡ። እዚያ ተቀምጠው አይቻቸው አላውቅም።

“አስካላ፣ አንቺ ምግብ አበላሽተሽ አታውቂም። ትናንት ምን በልተሽ ነበር?”

“ምንም።”

“ከትናንት በስቲያስ?”

“ምንም።”

“ይኸውልሽ። ሐኪሟን ‘ምንም’ ስትያት ውሸት ነበር፣ ሳቅን። አሁን እውነት ሆነና አለቀስን።”

የሪም ጋብቻ አልፈረሰም፤ ተመስገን። የሠርጓ ምሳ ግን ከውጭ በመጡ አብሳዮች ተሠራ። የእህቶቿን ሁሉ እኔ ነበርኩ የሠራሁት። የእሷን ቀን በወጥ ቤቴ በር ላይ ቆሜ ሌሎች በድስቶቼ ሲያበስሉ አየሁ። ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ከዚያ የበለጠ ከባድ ቀን በሥራ ዘመኔ አላውቅም።

ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ “ልጄ፣ ጾሙን የሰጠን እንድንቀርበው ነው። አንቺ ሚዛን አደረግሽው። ከሥጋና ከወተት ተከልከዪ። በሰዓትሽ ግን ሐኪሟ ያለችሽን ያህል ተቀምጠሽ ብዪ። ይህ ትእዛዝ ነው” አሉኝ። ያን ማታ ምስር በሳህን አድርጌ ተቀምጬ በላሁ። በእንባ ጭምር።

ሪም ከሄደች በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ። ለአንድ ሰው ያ ሁሉ ድስት አያስፈልግም። ኑራ አንድ ቀን አስቀምጣኝ፣

“አስካላ፣ አብሳይ አያስፈልገንም” አለችኝ።

የሽርጤን ማሰሪያ መፍታት ጀመርኩ።

“እናቴ ግን ሰው ያስፈልጋታል። ስኳሯ ወጥቷል፣ እግሯ ያብጣል። ሐኪሞቹ ለአንቺ ያሉሽን ነው ለእሷም ያሏት። እሺ ካልሽ ከእሷ ጋር ሁኚ። እሺ ካላልሽም በክብር እንሸኝሻለን።”

ከአብሳይነት ወደ አስታማሚነት ነው። መጀመሪያ የወረድኩ መስሎኝ ነበር። ሌሊቱን ጸልዬበት በጠዋት እሺ አልኩ። አሁን ሳስበው ለሁለታችንም የተላከ ነበር።

ማማ ሙኒራን ማስታመም ሽንኩርት ከመጥበስ ይከብዳል። ተምር በዓባያቸው እጅጌ ውስጥ ይደብቃሉ።

“ማማ፣ እጅዎን ያሳዩኝ።”

“ምን አገባሽ? እጄ ነው።”

“እጅጌዎንም።”

“አስካላ፣ አንቺ ፖሊስ ነሽ ወይስ ሠራተኛ?”

“ሁለቱንም ነኝ።”

“ለሁለት ሥራ አንድ ደመወዝ! እኔ ከስሬያለሁ፣ አንቺም ከስረሻል” ብለው ተምሩን ያወጡታል።

ፀሐይ ስትበርድ በግቢው ዙሪያ መሄድ ጀመርን። ቀጥሎ እስከ ጥጉ ባቃላ፣ እስከ ትንሹ ሱቅ። ከዚያ እስከ መስጊዱ አጥር። እሳቸው በእኔ ክንድ፣ እኔ በእሳቸው ወሬ። እኔ ስደክም “ያላ አስካላ፣ አሮጊቷ እኔ ነኝ!” ይሉኛል። እሳቸው ሲደክሙ ደግሞ እኔ የባቃላው ሰው እያየን መሆኑን እነግራቸዋለሁ፤ ወዲያው ቀጥ ይላሉ። የባቃላው ሰው ሁልጊዜ ነው የሚያየን።

ምግባችንንም አንድ ላይ አደረግን። ያን ሁሉ ዘመን አብስዬላቸው በአንድ ገበታ ቀርበን አናውቅም ነበር። አንድ ቀን የእሳቸውን ሳህን አቅርቤ ልወጣ ስል፣ “የት ትሄጃለሽ? ብቻዬን ስበላ ነው የምሰርቀው። ተቀመጪ” አሉኝ። ተቀመጥኩ። በጾሜ ቀን የእኔ ሳህን የጾም፣ የእሳቸው የፍስክ፤ መጠኑ አንድ። እሳቸው ቢስሚላህ ይላሉ፣ እኔ አማትባለሁ፣ እንበላለን። ለማማ ሙኒራ ጀሪሽም ደግሜ ሠራሁላቸው፣ በትንሽ ድስት። ማንኪያዋ ክዳኑ ላይ ነበረች። አንድ ጎረሱ፣ ቆዩ፣ ሁለተኛ ጎረሱ። “ለሪም ላኪላት” አሉ። ላክሁላት። ጀሪሹ ተበልቶ ዕቃው ተመለሰ፤ ውስጡ ቸኮሌት ነበረበት። ቸኮሌቱን ለከድር ሰጠሁት።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሁለት ዓመት አለፈ። የሽርጤ ማሰሪያ ከመርፌ ቁልፍ ወደ ጀርባ፣ ከጀርባ ወደ ፊት ተመለሰ። ሐኪሟ ጉልበቴን አጥፋ ዘርግታ፣ “ቢላዋው ይቅር” አለች። መሠረት ደግሞ ደወለችና፣ “እማዬ፣ ልወልድ ነው። እኔን እናትሽ አሳደገችኝ፣ የእኔን አንቺ ታሳድጊያለሽ” አለችኝ። ለማማ ሙኒራ ስነግራቸው፣ “ሂጂ። ለልጅ ሲሉ መሄድ ሐቅ ነው” አሉ።

ከመሄዴ በፊት ግን ስቅለት ነበር፣ የዘንድሮው።

ጠዋት ወንበሩን ክፍሌ ውስጥ እንደ ወትሮው አደረግሁ። ፈርቼ ነበር። ነጠላዬን አደገደግሁ፣ ወደ ምሥራቅ ዞርኩ። በስልኩ ካህናቱ “ኪርያላይሶን” ማለት ጀመሩ። ወንበሩን አየሁት። በእግሬ ወደ ግድግዳው ገፋሁት።

ተንበረከክሁ። እጄን ዘረጋሁ። ግንባሬ ምንጣፉን ነካ። ምንጣፉ ይቀዘቅዝ ነበር። እዚያው ትንሽ ቆየሁ፤ መነሣቱን ስለፈራሁ አይደለም፣ ናፍቄው ስለነበረ ነው። ከዚያ መዳፌን መሬት ላይ ተክዬ አንዱን ጉልበት አነሣሁ፣ ሁለተኛውን አነሣሁ። ቆምኩ። አልጋው ከእኔ ራቅ ብሎ ነበር። ደግሜ ወረድኩ።

ስንተኛው እንደሆነ አላውቅም፣ ስነሣ ማማ ሙኒራ በሩ ላይ ነበሩ። የመድኃኒታቸው ሰዓት አልፎ ሊጠሩኝ መጥተው ነው። ምን ያህል እንደቆሙ አልጠየቅኋቸውም።

“ወረድሽ” አሉ።

“ወረድኩ ማማ።”

“ተነሣሽም።”

“ተነሣሁ።”

“አልሐምዱሊላህ።”

“እግዚአብሔር ይመስገን።”

መድኃኒታቸውን ሰጥቼ ተመለስኩ። ከሰዓት በኋላ፣ የዐስር ሶላት ሲደርስ፣ እንደ ልማዴ ወንበራቸውን በስግደት ምንጣፋቸው ላይ ላስቀምጥ ስል እጄን ያዙኝ።

“ተይው። አጠገቤ ቁሚ።”

ቆምኩ። ሲቆሙ ቆምኩ፣ ሲያጎነብሱ ጠበቅኩ። ወደ መሬት መውረድ ሲጀምሩ ክንዳቸውን ያዝኩ። ቀስ ብለው ወረዱ። ግንባራቸው ምንጣፉን ነካ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉልኝ። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ስሰግድ የዋልኩ፣ እህል ያልቀመስኩ ሴት ነኝ። አነሣኋቸው። ጉልበቴ አልከዳኝም።

ሶላታቸውን ሲጨርሱ፣ “አንቺ ስትሄጂ እኔን ማን ያነሣኛል?” አሉኝ።

“ብቻዎን ይነሣሉ። ገና ጊዜ አለን።”

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሞከርን። በዚህ ሳምንት፣ የወንበራቸውን መቀመጫ በአንድ እጅ ተደግፈው፣ እኔ እጄን አጣምሬ ቆሜ፣ ብቻቸውን ተነሡ። ተነሥተው፣ “አሁን ሂጂ። ጉዳይ የለኝም” አሉኝ። ፊታቸውን አዙረው ነው ያሉት።

የእሳቸው ወንበር ለድጋፍ ይቀራል። የእኔን ለበረኛው ሰጠሁት፤ ጥላ ሥር ተቀምጦበት ሻይ ይጠጣል። የጨው ማንኪያዋ በሻንጣዬ ውስጥ፣ በሽርጤ ተጠቅልላ አለች። እማማ ዘሃራ በሕይወት ካሉ ደሴ ሄጄ ሳህን ይዤ ከፊታቸው እቀመጣለሁ። ከሌሉም መቃብራቸውን እጠይቃለሁ።

መሠረት፣ ልጄ፣ ሰው “ዓረብ አገር አከሳት” ካለ ይህን አንብቢላቸው። ካላመኑሽ አትከራከሪ። ለሚመጣው ዓመት ስቅለት፣ አምላክ ከፈቀደ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይምጡ። ከፊት ረድፍ ነው የምቆመው።